ወደ ፖርት ቤል በብስክሌት

ብስክሌት በአንድ ሰው ጕልበት የምትሄድ በመሆንዋ ብዙ ሰው የብቸኛ መንገደኛ ዕቃ አድርጎ ይቈጥራታል። ነገር ግን በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ የብስክሌት ወዳጆች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ማኅበር እያቋቋሙ፣ ቅዳሜና እሑድ በማለዳ ተሰብስበው በአንድነት መጓዝን ልማድ አድርገዋል። ይህ ልማድ ለሰውነት ጤና፣ ለአእምሮ ዕረፍት፣ ለወዳጅነትም የሚሰጠው ጥቅም ብዙ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የኡጋንዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከካምፓላ ተነሥቶ ወደ ፖርት ቤል ወደብ የሚወርደውን መንገድ ነው። መንገዱ ከከተማው መካከል እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህን መንገድ የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ አጭር ሆኖ ሳለ በታሪክ የበለጸገ ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛ፣ ለመዝናናት የሚወጣው ብስክሌተኛና የዕለት እንጀራውን በብስክሌት የሚያገኘው ሠራተኛ የሚገናኙበት ጐዳና ስለ ሆነ ነው። ከወር ስም ጋራ ካልተጻፉ በቀር ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ክረምት ሲባል የትኛው ክረምት?

አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው ‹‹ክረምት›› የሚለውን ቃል በመዝገበ ቃላት ሲፈልግ፣ ብዙ ጊዜ በአውሮጳ ከሚታወቀው የበረዶ ወራት ጋራ ተጣምሮ ያገኘዋል። ሆኖም ሁለቱ ወራት አንድ አይደሉም። በኢትዮጵያ እንደ ቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ቀን፣ የሚወጣውም መስከረም 25 ቀን ነው፤ ይኸውም የዝናም፣ የደመናና የጭቃ ወራት ነው። ቃሉ ‹‹ከረመ›› ከሚለው ግስ ጋራ ዘመድ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ተለያይተው የቈዩ ሰዎች ሲገናኙ ‹‹እንዴት ከረሙ?›› ብለው ይጠያየቃሉ፤ ይህም ክረምቱን በደኅና አሳለፉ ወይ እንደ ማለት ነው።

እንግዲህ የክረምት የብስክሌት ጉዞ ሲባል በየአገሩ የሚያመጣው ችግር ልዩ ልዩ ነው። በሎንዶን የክረምት ብስክሌተኛ ጠላቱ ጨለማና በረዶ ነው፤ በዚያ በታኅሣሥ ወር የቀኑ ብርሃን 8 ሰዓት እንኳ አይሞላም። በአዲስ አበባ ጠላቱ ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ብርቱ ዝናም፣ የሚያንሸራትተው አስፋልትና ውኃ ሸፍኖት የማይታየው ጕድጓድ ነው። ፖርት ቤል ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ40 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ በዚያ የዓመቱ ረዥም ቀን ከአጭሩ ቀን የሚበልጠው በጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ብርድም የለም። የዝናሙ ጊዜ ሁለት ሲሆን፣ አንደኛው ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር ድረስ ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያ በሐምሌ ወር በዝናም ስትርስ፣ የካምፓላ ብስክሌተኛ ከዓመቱ ሁሉ የሚሻለውን የጉዞ ጊዜ ያገኛል ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ በማናቸውም ወር ቢሆን ሐይቁን መናቅ አይገባም። ሌሊት ነፋሱ ከየብስ ወደ ሐይቁ ስለሚነፍስ ደመናው በውኃው ላይ ይከማቻል፤ አንዳንድ ጊዜም ንጋት ላይ ወደ ዳርቻው መጥቶ ይዘንባል። ቀን ደግሞ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይመለሳል፤ ፀሐይ የሞቀውም አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከቀትር በኋላ በኮረብታዎቹ ላይ ነጐድጓድ ይሆናል። የቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ በዓለም ላይ መብረቅ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ብልህ ተጓዥ ማልዶ ተነሥቶ፣ ደመናው ሳይከብድ ቤቱ ይገባል። ነጐድጓድ በመንገድ ላይ ቢያገኘው ግን ከብስክሌቱ ወርዶ ወደ ደኅና ቤት ይጠጋል እንጂ ከዛፍ ሥር አይቆምም።

ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ደስ የሚያሰኝ አንድ ነገር አለ። በሉጋንዳ ቋንቋ የቀኑ ሰዓት የሚቈጠረው እንደ አማርኛ ከንጋት ጀምሮ ነው። የጧቱን 1 ሰዓት የካምፓላ ሰው ‹‹ሳዋ ኤሙ›› ይለዋል፤ ‹‹ኤሙ›› ማለት አንድ ማለት ነው። ሁለቱ ሰዎች በእንግሊዝኛ የተነጋገሩ እንደ ሆነ ግን ያው ሰዓት 7 ይባላል። እንግዲህ ለማለዳ ጉዞ የተቀጣጠረ ሰው በየትኛው ቋንቋ እንደ ተቀጣጠረ ካላስታወሰ፣ ጓደኞቹ ጥለውት ይሄዳሉ።

የወደቡ ታሪክ

ፖርት ቤል ስሙን ያገኘው በ1906 የኡጋንዳ ኮሚሽነር ሆነው ከመጡት፣ በኋላም የመጀመሪያው ገዥ ከተባሉት ከእንግሊዛዊው ሰር ሄስኬት ቤል ነው። ከሞምባሳ የተነሣው የምድር ባቡር በ1901 በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳር ወደ ኪሱሙ ከደረሰ በኋላ፣ ሰውና ዕቃ ሐይቁን የሚሻገረው በመርከብ ነበር። ከናይሮቢ የሚመጣው የባቡር ሐዲድ እስከ ካምፓላ የደረሰው በ1931 ስለ ሆነ፣ እስከዚያ ድረስ የካምፓላ በር ይህ ወደብ ነበር ማለት ነው። ከወደቡም ወደ ከተማው አጭር የባቡር ሐዲድ ተዘርግቶ ነበር።

ዛሬ ዓሣ አጥማጁ፣ ነጋዴውና ብስክሌተኛው የሚተራመሱበት ይህ ዳርቻ በዚያ ዘመን የሞት ቦታ ሆኖ ነበር። ከ1900 ጀምሮ የእንቅልፍ በሽታ የሚባለው ደዌ በሐይቁ ዳር ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቆላ ዝንብ ከውኃው ዳር ካለው ቍጥቋጦ የማይርቅ መሆኑ ስለ ታወቀ፣ በሰር ሄስኬት ቤል ትእዛዝ ሕዝቡ ከዳርቻው ተነሥቶ ወደ መሀል አገር እንዲሰፍር ተደረገ። ሕዝቡ ቤቱንና ማሳውን፣ የአባቶቹንም መቃብር ትቶ ሄደ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከእንግሊዝ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚበሩት፣ በውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ለጥቂት ጊዜ በፖርት ቤል ያርፉ ነበር። በ1946 የተቋቋመው የኡጋንዳ ቢራ ፋብሪካ በዚሁ አካባቢ ስለሚገኝ፣ ከወደቡ ስም ወስዶ አንዱን ቢራ ‹‹ቤል›› ብሎ ሰይሞታል። የባቡር ፉርጎ ጭነው ወደ ኪሱሙና ወደ ሙዋንዛ ከሚሻገሩት መርከቦች መካከል ‹‹ካባሌጋ›› የተባለችው በ1905 ሳይሆን በእኛው ዘመን በ2005 ‹‹ካዋ›› ከተባለችው እኅትዋ ጋራ ተጋጭታ ሰጥማለች። የሐይቁ ውኃ ደግሞ በ1964 ከፍ ብሎ ዳርቻውን እንዳጥለቀለቀ ሁሉ፣ በ2020 እንደ ገና ከፍ ብሎ ብዙ ቤትና መንገድ ሸፍኖ ነበር።

መንገዱ ከናካዋ በኩል ተነሥቶ ቡጎሎቢን፣ ኪቲንታሌንና ሉዚራን አልፎ ወደ ወደቡ ይወርዳል። የሙቱንጎ ኮረብታም በአጠገቡ ነው። በኪቲንታሌ ሠፈር ልጆችና ወጣቶች ከ2006 ገደማ ጀምሮ ባለ አራት መንኰራኵር ሳንቃ የሚነዱበት የሲሚንቶ ሜዳ አላቸው። በሉዚራ ትልቁ ወህኒ ቤት ይገኛል። ከታች በኩል ደንገል የበቀለበት ረግረግ አለ፤ ከከተማው የሚወጣው የናኪቩቦ ውኃ በዚሁ ረግረግ አልፎ ወደ ሐይቁ ይገባል። የሐይቁ ፊት ከባሕር ወለል በላይ 1,134 ሜትር ያህል ነው። ካምፓላ በኮረብታዎች ላይ ስለ ተሠራች፣ ሲወርዱ ነፋስ እየበላ ያለ ድካም ያደረሰው ቍልቍለት ሲመለሱ ፀሐይ በጀርባ ላይ የምታቃጥልበት ዳገት ይሆናል። ስለዚህ ጀማሪ ሰው ጕልበቱን ሁሉ በመሄጃው መጨረስ የለበትም።

ብስክሌት በኡጋንዳ

በ1907 የእንግሊዝ የቅኝ ግዛት ምክትል ሚኒስትር የነበሩት ዊንስተን ቸርችል ኡጋንዳን ጐብኝተው ነበር። ከዚያም በኋላ ስለ ጕዞአቸው በጻፉት መጽሐፍ፣ በመካከለኛው አፍሪካ ለመጓዝ ከሁሉ የምትሻለው መሣሪያ ብስክሌት መሆንዋን መስክረዋል። የእግረኛ ብዛት ያለሰለሰው ቀጭን መንገድ ሠረገላ የማያሳልፍ ቢሆንም ሁለት መንኰራኵር ለማሳለፍ ይበቃ ነበርና።

በሉጋንዳ ቋንቋ ብስክሌት ‹‹ኤጋሊ›› ትባላለች። ባቡር ደግሞ ‹‹ኤጋሊ ዮሙካ›› ይባላል፤ ትርጕሙም የጢስ ጋሪ እንደ ማለት ነው። ብስክሌቲቱን ከባቡሩ ለመለየት ሲፈልጉ በደረት ኀይል የምትሄድ የሚል ቅጽል ይጨምሩላታል።

ዛሬ በመላው ምሥራቅ አፍሪካ የታወቀው ‹‹ቦዳ ቦዳ›› የሚለው ስምም የተወለደው ከብስክሌት ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት በኡጋንዳና በኬንያ ወሰን ላይ በምትገኘው በቡሲያ፣ በሁለቱ ኬላዎች መካከል ያለውን ስፍራ በእግር ማቋረጥ አድካሚ ነበር። ስለዚህ ወጣቶች ከብስክሌታቸው በስተኋላ ለስላሳ መቀመጫ አበጅተው መንገደኛውን ከድንበር ወደ ድንበር በክፍያ ያደርሱት ጀመር። ‹‹ድንበር›› የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተደጋግሞ ሲጠራ ‹‹ቦዳ ቦዳ›› ሆነ። በኋላ ሞተር ብስክሌት ሥራውን ወሰደው፤ ስሙ ግን ቀረ።

በስፖርትም ረገድ ኡጋንዳዊው ቻርልስ ካጊሙ በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ በብስክሌት ተወዳድሯል። በ2025 ደግሞ የዓለም የጐዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በጎረቤት አገር በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ ተደርጓል።

የኅብረት ጉዞ ሥርዓት

ብዙ ሰው በአንድነት ሲጓዝ ሥርዓት ያስፈልገዋል። ሥርዓት የሌለው ማኅበር ከብቸኛው ብስክሌተኛ ይልቅ አደጋ ያመጣል። ስለዚህ በየአገሩ የሚገኙ የብስክሌት ማኅበሮች የሚከተሉት ደንብ ከሞላ ጐደል ተመሳሳይ ነው።

ከመነሣት በፊት እያንዳንዱ ሰው ፍሬኑን፣ የጐማውን ንፋስና ሰንሰለቱን ይመረምራል። መንገዱን የሚያውቅ አንድ ሰው በፊት ይመራል፤ ልምድ ያለው ሌላ ሰው በመጨረሻ ሆኖ ማንም ወደ ኋላ እንዳይቀር ይጠብቃል። የመጨረሻው ሰው ሳይደርስ ከመስቀለኛ መንገድ ማለፍ ነውር ነው። ከፊት ያለው ሰው ጕድጓድ ሲያይ በእጁ ያመለክታል፤ የኋለኞቹም ምልክቱን ተቀባብለው እስከ መጨረሻው ያደርሱታል። መንገዱ ሲጠብ ወይም ከባድ መኪና ሲመጣ ሁለት ሁለት ሆነው ይሄዱ የነበሩት በአንድ ረድፍ ይሆናሉ።

ከኢትዮጵያ የሄደ ሰው አንድ ነገር አጥብቆ ማሰብ ይገባዋል፤ ይኸውም በኡጋንዳ ተሽከርካሪ ሁሉ የሚሄደው በግራ በኩል መሆኑን ነው። በቀኝ መሄድ የለመደ ሰው በቀጥታው መንገድ ላይ ሳይሳሳት ቢቈይ እንኳ፣ አደባባይና መታጠፊያ ሲደርስ እጁ ወደ ለመደው ይስበዋል። በዚህ ጊዜ በቡድኑ መካከል መሆን ታላቅ ጥበቃ ነው።

በመስመር የመጓዝ ጥቅም ሌላም አለ። ብስክሌተኛ ሜዳ ላይ ፈጥኖ ሲሄድ የሚታገለው ከሁሉ ይልቅ ከነፋስ ጋራ ነው። በሌላው ጀርባ ተጠግቶ የሚሄድ ሰው ግን የፊተኛው ነፋሱን ስለሚከፍልለት ከድካሙ ሲሶ ያህል ሊቀርለት ይችላል። ስለዚህ ጠንካሮቹ በየተራ ወደ ፊት እየወጡ ነፋሱን ይቀበላሉ፤ ደካማው ከኋላ ያርፋል። አባቶቻችን ‹‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ›› ያሉት በዚህ ጉዞ ላይ በዓይን የሚታይ ነገር ነው።

ለቤተሰብ የሚሆን ምክር እንጨምር። ልጅ የሚነዳት ብስክሌት ኮርቻዋ ከቁመቱ ጋራ የተስማማ፣ እግሩም መሬት የሚነካላት መሆን አለባት። ‹‹ያድግበታል›› ተብሎ ትልቅ ብስክሌት መግዛት ልጁን ለአደጋ መስጠት ነው። የራስ መከላከያ ቆብ ለልጅም ለአዋቂም አስፈላጊ ነው። ሴት ልጅ ብስክሌት እንዳትነዳ መከልከል በብዙ አገር የቈየ ልማድ ቢሆንም፣ ልማዱ ከጤናም ከምክንያትም ጋራ የሚስማማ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነትን ማንቀሳቀስ እንደሚገባ ይመክራል፤ ከካምፓላ ፖርት ቤል ደርሶ መመለስ ከዚህ ትልቁን ክፍል ይሸፍናል።

ብቻውን የሚሄደው ብስክሌተኛ

እስካሁን የተናገርነው በፈቃዱ ስለሚጓዝ ሰው ነው። ነገር ግን በፖርት ቤል መንገድ ላይ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚጓዝ ሌላ ብስክሌተኛ አለ። እርሱ በብስክሌቱ ኋላ የሙዝ ዘለላ፣ የከሰል ጆንያ፣ የውኃ ጀሪካን ወይም ዓሣ ጭኖ ይሄዳል። የራስ ቆብ የለውም፤ መብራትም ብዙ ጊዜ የለውም። የሚመራው ሰው በፊቱ፣ የሚጠብቀው ሰው በኋላው የለም። ከወደቡና ከፋብሪካዎቹ የሚወጣው ከባድ መኪና ሲያልፈው፣ ጭነቱ ሚዛኑን እያሳተው ከአስፋልቱ ጠርዝ ወደ አፈሩ ይወርዳል። የእሑዱ ቡድን ብዛቱ ያስከብረዋል፤ ይህን ሰው ግን ማንም አያየውም።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መግለጫ በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገልጿል። በኡጋንዳ በ2024 ብቻ ከ5,000 በላይ ሰው በመንገድ አደጋ ሞቷል። ከእነዚህ እያንዳንዱ የአንድ ቤት ዋልታ ወይም የአንዲት እናት ልጅ ነው።

የኡጋንዳ መንግሥት በ2012 ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የሚሆን የመጓጓዣ መመሪያ አውጥቷል። በካምፓላ መካከልም በናሚሬምቤ መንገድና በሉዉም መንገድ ላይ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የተለየ መተላለፊያ ተሠርቷል። ይህ መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን መመሪያ ወደ ጐዳና ካልወረደ ወረቀት ሆኖ ይቀራል፤ የከተማው መካከል ቢስተካከልም፣ ሸክም ተሸካሚው ብስክሌተኛ የሚበዛው ወደ ዳር በሚወስዱት መንገዶች ላይ ነው።

ምን ይደረግ ቢባል መልሱ የታወቀ ነው። የመጀመሪያው ፍጥነትን መቀነስ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው የመኪኖች አማካይ ፍጥነት ከመቶ አንድ እጅ ሲጨምር፣ ሰው የሚገድል አደጋ ከመቶ አራት እጅ ያህል ይጨምራል። ሁለተኛው በቀለም ብቻ ሳይሆን በድንጋይ ጠርዝ የተለየ የብስክሌት መስመር ማበጀት ነው፤ ቀለም የከባድ መኪና ጐማ አይመልስምና። ሦስተኛው በብስክሌት ኋላ መብራትና የሚያንጸባርቅ ምልክት ማድረግ ነው፤ ይህ ለአንድ ሰው ትንሽ ወጪ ነው።

የእሑድ ተጓዦችም የሚችሉት ነገር አለ። መንገዱን በየሳምንቱ የሚያዩት እነርሱ ናቸው። ጕድጓዱ የት እንደ ሆነ፣ ከባድ መኪና የሚያጣብበው ኩርባ የትኛው እንደ ሆነ ያውቃሉ። ብዙዎቹም የተማሩና ሹም ፊት ቀርበው ሊናገሩ የሚችሉ ሰዎች ናቸው። ይህን እውቀት ጽፈው ለሚመለከተው ክፍል ቢያቀርቡ፣ ጉዞአቸው ከመዝናኛ አልፎ ለባልንጀራ የሚጠቅም ይሆናል።

የእኛም አገር ጉዳይ ነው

ነገሩ ኢትዮጵያን የማይመለከት አይደለም። ከቪክቶሪያ ሐይቅ በጂንጃ በኩል ነጭ ዓባይ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ከጣና ሐይቅ ዓባይ የሚወጣባት ባሕር ዳር ሜዳማ በመሆንዋ የብስክሌት ከተማ ተብላ ስትታወቅ ኖራለች። ተማሪውም መምህሩም ሠራተኛውም በብስክሌት ሲሄድ ማየት በዚያች ከተማ የተለመደ ነበር፤ ባለ ሦስት እግር ባጃጅ ከበዛ በኋላ ግን ብስክሌተኛው ቦታው ጠቦበታል። አገራችን በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ እነገረመው ደንቦባን በብስክሌት አሰልፋለች። በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በታላቁ የፈረንሳይ ዙሪያ ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በአዲስ አበባ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ‹‹መንገድ ለሰው›› በሚል ስም መንገዶች በእሑድ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ይከፈቱ ጀመር፤ ከ2024 ጀምሮም በአንዳንድ ጐዳናዎች የብስክሌት መስመር ተሠርቷል።

እንግዲህ መስመሩ ከተሠራ በኋላ የሚቀረው እንዲጠበቅ ማድረግ ነው። መኪና የሚቆምበት፣ ሸቀጥ የሚዘረጋበት የብስክሌት መስመር እንዳልተሠራ ይቈጠራል። በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን፣ በጽሕፈት ቤታችሁ የመንገድ ፕላን ሲቀርብላችሁ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ‹‹በዚህ መንገድ ንጋት ላይ ዓሣ ጭኖ የሚሄደው ሰው በየት በኩል ያልፋል?›› በሉ። ለጥያቄው በፕላኑ ላይ በጣት ተነክቶ የሚታይ መልስ ከሌለው፣ ፕላኑ ገና አላለቀምና ለመሐንዲሱ መልሱለት።